የበግ ጠጕር ከመፈተሉ በፊት እንዴት እንደሚጸዳና እንደሚሰናዳ

ለአገር ገዦች፥ ለወረዳ ሹማምንትና በግ ለሚያረቡ ባለመሬቶች የቀረበ ማብራሪያ

የደጋ ሰው ሀብቱ ገብስና በግ ነው። ገብሱን ውርጭ ወይም በረዶ የመታበት እንደ ሆነ ተስፋው ሁሉ በበጉ ላይ ይቀራል። በጉ ሥጋውንና ቆዳውን የሚሰጠው አንድ ጊዜ ሲታረድ ብቻ ነው፤ ጠጕሩ ግን በጉ በሕይወት ሳለ ደጋግሞ የሚታጨድ መከር ነው። ይህ መከር ዝናብ ቢዘገይም ባይዘገይም ይበቅላል፤ ዘርም አይጠይቅም። ስለዚህ ቸል ተብሎ የሚጣለው ወይም በአያያዝ ጕድለት የሚበላሸው ጠጕር ከጎተራ እንደሚፈስ እህል የሚቈጠር ነው።

በሰሜን ሸዋ በመንዝ ምድር፥ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር በሚደርሰው ከፍታ ላይ የሚረባው በግ ቁመቱ አነስተኛ፥ ላቱ ወፍራም፥ ሰውነቱም በጠጕር የተሸፈነ፥ ብርድንም የሚታገሥ ነው። የመንዝ ሴቶች ይህን ጠጕር በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ሸማኔም ባናና ዝተት፥ በርኖስም አድርጎ ይሠራዋል፤ ምንጣፍም ይሆናል። ዘሩንም ለማሻሻል የተደረገው ድካም ጥቂት አይደለም። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1967 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን የበግ ማርቢያ ጣቢያ ተቋቁሞ፥ ኋላም አዋሲ የተባለው የምሥራቅ አገር በግ ከመንዝ በግ ጋር እንዲዳቀል ተደርጓል። ነገር ግን ዘርን ማሻሻል ብዙ ዓመትና ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ ሥራ ነው። ያለውን ጠጕር በሚገባ ማጽዳት ግን የጥቂት ቀን ሥራ ነው፤ የሚጠይቀውም ውኃ፥ ጥቂት ማገዶና ማስተዋል ብቻ ነው።

ብዙ ሰው ፈትል የሚበላሸው በፈታይዋ እጅ ይመስለዋል። ባናው ሲሻክር፥ ድሩ ሲበጠስ፥ ምንጣፉም ብል ሲበላው ወቀሳው በእርስዋና በሸማኔው ላይ ይወርዳል። እውነቱ ግን እንደዚህ አይደለም። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው እንዝርት ከመነሣቱ በፊት፥ በሸለታ፥ በእጥበትና በሚዛን ላይ ነው። ይህንንም ለማቃናት የሚችሉት ፈታይዋ ብቻዋን ሳትሆን የበጉ ባለቤቶችና የገበያው ሹሞች ጭምር ናቸው።

1ኛ፤ ስለ ጠጕሩ ጠባይ

የበግን ጠጕር እንደ ጥጥ አድርጎ መቍጠር የስሕተት ሁሉ መጀመሪያ ነው። ጥጥ ከእንጨት የሚገኝ ፍሬ ነው፤ ጠጕር ግን እንደ ቀንድና እንደ ጥፍር ከእንስሳ አካል የሚበቅል ነገር ነው። እያንዳንዱ ዘለላ በአጕሊ መነጽር ቢታይ እንደ ዓሣ ቅርፊት በተደራረቡ ጥቃቅን ቅርፊቶች የተሸፈነ ሆኖ ይገኛል። ጠጕሩ በሙቅ ውኃና በሳሙና ውስጥ ሲታሽ እነዚህ ቅርፊቶች እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ፤ ዘለላውም ይጠባበቅና እንደ ወፍራም ምንጣፍ አንድ ላይ ይረጋል። የረጋ ጠጕር ተመልሶ አይፈታም፤ ለፈትልም አይሆንም።

ሁለተኛው ነገር ጠጕሩ የተሸከመው እድፍ ሦስት ዓይነት መሆኑ ነው። አንደኛው አፈር፥ በጠጥ፥ ገለባና ጭጎጎት ነው፤ ይህ በእጅና በማራገፍ ይወጣል። ሁለተኛው የበጉ ላብ ደርቆ የቀረው ጨው ነው፤ ይህ በቀዝቃዛ ውኃ ይሟሟል። ሦስተኛው ከበጉ ቆዳ የሚወጣው ቅባት ነው፤ ይህ በቀዝቃዛ ውኃ ከቶ አይለቅም፤ ሙቀት ሲያገኝ ግን እንደ ሰም ይቀልጣል። ለእያንዳንዱ እድፍ መድኃኒቱ የተለየ ስለ ሆነ የሥራውም ቅደም ተከተል ከዚህ የተነሣ ነው።

2ኛ፤ ስለ ሸለታ

ሸለታ ውርጭ በሚበረታበት በኅዳርና በታኅሣሥ፥ ወይም ዶፍ በሚወርድበት በክረምት ሊደረግ አይገባም፤ ጠጕሩ የተወሰደበት በግ ብርድ ይገድለዋልና። የደረቀና ፀሐይ ያለበት ወራት ተመርጦ፥ የተሸለተውም በግ ለጥቂት ሌሊት በቤት ወይም በተከለለ በረት እንዲያድር ይሁን። ጠጕሩ በዝናብ ወይም በጠል የረጠበ እንደ ሆነ እስኪደርቅ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ርጥብ ጠጕር ተከምሮ ሲቀመጥ ይግላል፥ ይሸታል፥ ይሻግታልም።

የሚሸለትበት ቦታ የተጠረገ ወይም ሰሌን የተነጠፈበት ይሁን። ሥራው በተሳለ መቀስ ቢሆን ይሻላል፤ ደነዝ ቢላዋ ጠጕሩን ይነጨዋል፥ ቆዳውንም ይቈርጠዋል። በሸለታ ጊዜ የተቈረጠ ቆዳ በኋላ ለገበያ ሲቀርብ ዋጋው እንደሚወድቅ ባለበጉ ማወቅ አለበት። መቀሱም ወደ ቆዳው ተጠግቶ አንድ ጊዜ ብቻ ይለፍ። የቀረውን ለማስተካከል ሁለተኛ ሲመለስበት የሚወድቀው አጭር ብጥስጣሽ ነው፤ ይህም ከረጅሙ ጋር ሲቀላቀል ፈትሉን እንቡጥ እንቡጥ ያደርገዋል።

3ኛ፤ ስለ አባ ሰንጋ የሚደረግ ጥንቃቄ

ከሁሉ አስቀድሞ ሹማምንት ሊያስቡበት የሚገባ ነገር አለ። በበሽታ ከሞተ በግ ላይ ጠጕር መንጨት በብዙ ስፍራ እንደ ቍጠባ ይቈጠራል፤ ነገር ግን የሰው ሕይወት የሚያስከፍል ቍጠባ ነው። አባ ሰንጋ የተባለው በሽታ ዘሩ በጠጕርና በቆዳ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ በአፈርም ውስጥ ብዙ ዓሥርት ዓመታት ሳይሞት ይቈያል። ጠጕሩ ሲራገፍና ሲነደፍ ትቢያው ወደ ሰው ሳንባ ይገባል፤ በእጅ ላይ ቍስል ቢኖርም በዚያ በኩል ይገባል።

ይህ ነገር በሌላ አገር በብዙ ሕይወት የታወቀ ነው። በእንግሊዝ አገር በብራድፎርድ ከተማ ከውጭ የመጣ ጠጕር የሚመርጡ ሠራተኞች ባልታወቀ በሽታ በድንገት ይሞቱ ነበር። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1880 ዓ.ም. ገደማ ጆን ሄንሪ ቤል የተባለው የከተማው ሐኪም በሽታው አባ ሰንጋ መሆኑን ገለጠ። በ1919 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥታቸው ወደ አገሩ የሚገባው አጠራጣሪ ጠጕር በመድኃኒት እንዲነጻ ሕግ አወጣ። የእነዚያ ሠራተኞች ሥራ በየጎጆው ጥግ ተቀምጣ ጠጕር የምታባዝት ሴት ከምትሠራው ጋር አንድ ነው፤ ልዩነቱ እርስዋ ስትታመም ምክንያቱን የሚመረምር በአቅራቢያዋ አለመኖሩ ነው።

ስለዚህ በድንገት የሞተ፥ ይልቁንም ከአፍንጫው ወይም ከኋላው ጥቍር የማይረጋ ደም የፈሰሰው በግ አይገፈፍ፥ አይከፈት፥ ጠጕሩም አይነጭ። ከነጠጕሩ ይቃጠል ወይም በጥልቅ ጕድጓድ ይቀበር፤ ለእንስሳት ሐኪምም ወዲያው ይነገር። በለብ ያለ ውኃና በሳሙና ማጠብ የዚህን በሽታ ዘር እንደማይገድለው ሕዝቡ በግልጥ እንዲያውቀው ያስፈልጋል። እርግጠኛው መከላከያ በጎቹን በየጊዜው ማስከተብና የሞተውን አለመንካት ነው።

4ኛ፤ ስለ መለየትና ስለ ማራገፍ

የተሸለተው ጠጕር ሳይበታተን በሰሌን ላይ ተዘርግቶ በየክፍሉ ይለያል። ከትከሻና ከጎን የሚገኘው ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ለድር የሚሆነው እርሱ ነው። ከጀርባ የሚገኘው ፀሐይና ዝናብ ስለሚመታው ጫፉ ተሰባሪ ይሆናል፤ ለማግ ይበቃል። ከጭንና ከላት ዙሪያ የሚገኘው ሻካራና በጠጥ ያለበት ነው፤ ለምንጣፍና ለዝተት ይቀመጥ። የሆድ፥ የእግርና የራስ ጠጕር አጭርና የተጠላለፈ ስለ ሆነ ከሌላው ጋር አይቀላቀል። ደርቆ የተጋገረው እበትና ጭቃ በመቀስ ተቈርጦ ይጣል፤ ወደ እርሻም ቢበተን ለመሬቱ ይጠቅማል።

ቀለሙንም መለየት ያሻል። ነጩ፥ ቡናማውና ጥቍሩ በየራሱ ከተቀመጠ ሸማኔው ያለ ማቅለሚያ ጥለትና መደብ ሊያወጣበት ይችላል። አንድ እፍኝ ጥቍር ጠጕር በነጩ ውስጥ ከገባ ግን ለቅሞ ማውጣት የብዙ ቀን ሥራ ነው።

በመንዝ በግ ላይ ሁለት ዓይነት ጠጕር አብሮ ይበቅላል፤ በውስጥ በኩል ለስላሳው፥ በላይ በኩል ረጅሙና ሻካራው። ከእነዚህም ጋር እንደ ሣር የሚሰበር አጭር ደረቅ ጠጕር ይገኛል። ይህ የመጨረሻው ቀለም በሚገባ አይቀበልም፥ ከፈትሉም እየወጣ ሰውን ይወጋል፤ ስለዚህ በሚለይበት ጊዜ በጣት እየተለቀመ ይውጣ።

ከተለየ በኋላ ጥቂት ጥቂቱ እየተነሣ በእጅ ይከፈታል፤ ጠፍሩ ሰፋ ባለ አልጋ ወይም በወንፊት መሰል ቀፎ ላይ ተደርጎ በቀጭን በትር ቀስ እያለ ይመታል። አፈሩና ገለባው ወደ ታች ይወርዳል። ጭጎጎት ግን በመምታት አይወጣም፤ በጣት ይለቀማል። ይህ ሥራ ከደጅ፥ ነፋስ በሚነፍስበት ስፍራ፥ አፍና አፍንጫን በነጠላ ሸፍኖ ይደረግ። ከማጠብ በፊት በዚህ ላይ የዋለ አንድ ሰዓት ከዚያ በኋላ ብዙ ውኃና ብዙ ድካም ያተርፋል።

5ኛ፤ ስለ ማጠብ

መጀመሪያ ጠጕሩ በገንዳ ወይም በሳፋ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ይደር። ለ1 ኪሎ ጠጕር 20 ሊትር ያህል ውኃ ይበቃል። አይታሽ፥ አይረገጥም፤ በእጅ ወደ ታች ብቻ ይጫን። ሲነጋ ውኃው ጠቍሮ ይገኛል፤ የበጉ ላብ ጨውና ብዙው አፈር ወጥቷልና። ይህ ውኃ አትክልትና እህል የሚወደው ጨው ስላለበት በጓሮ ላይ ቢፈስስ ፍግ ይሆናል እንጂ የሚጣል አይደለም።

ቀጥሎ ቅባቱን የሚያወጣው ሙቅ ውኃ ነው። ሙቀቱ 50 ዲግሪ ያህል መሆን ይገባዋል። ከዚህ ብዙ የቀዘቀዘ እንደ ሆነ ቅባቱ አይቀልጥም፤ የፈላ እንደ ሆነም ጠጕሩ ይጐዳል፥ በትንሽ እሸትም ይረጋል። የሙቀት መለኪያ በሌለበት ቤት ይህን ማወቅ አስቸጋሪ ይመስላል፤ ነገር ግን በደጋ አገር ቀላል ዘዴ አለ። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የምንጩ ውኃ ደግሞ ቀዝቃዛ ነው። ስለዚህ አንድ እንስራ የፈላ ውኃ ከአንድ እንስራ የምንጭ ውኃ ጋር ሲቀላቀል የተፈለገው ሙቀት ይገኛል።

በዚህ ውኃ ውስጥ ጥቂት ሳሙና ተሟሙቶ፥ ወይም አንድ እፍኝ የደረቀ የእንዶድ ፍሬ ተወቅጦ በጨርቅ ታስሮ አረፋ እስኪያወጣ ይታሽበታል። ጠጕሩ የሚገባው አረፋው ከተዘጋጀ በኋላ ነው። ሃያ ደቂቃ ያህል ይቀመጥ፤ አሁንም በእጅ ይጫን እንጂ አይታሽ። ውኃው ሳይቀዘቅዝ ጠጕሩ መውጣት አለበት፤ ከቀዘቀዘ የቀለጠው ቅባት ተመልሶ ይጣበቅበታል። በጣም ያደፈ እንደ ሆነ ይህ ሁለተኛ ጊዜ ይደገም። ማለቅለቂያው ውኃም በሙቀቱ ከመታጠቢያው ጋር የተቀራረበ ይሁን፤ ከሙቅ ውኃ አውጥቶ በቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ መክተት ጠጕሩን ያጠባብቀዋልና።

በዚህ ስፍራ ሦስት ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል።

አንደኛ፥ የአመድ ውኃ ጥጥን ያነጣል፤ የበግን ጠጕር ግን ይበላዋል። የበረታ የአመድ ውኃ ጠጕርን እስከ ማሟሟት ይደርሳል፤ ደካማውም ቢሆን ቢጫና ተሰባሪ ያደርገዋል። ለነጠላ የለመደች እጅ ይህን ልማድ ወደ ጠጕር እንዳታመጣው መምከር ይገባል።

ሁለተኛ፥ እንዶድ በሚወቀጥበት ጊዜ ትቢያው ዓይንና አፍንጫን ያቃጥላል፤ ጥቂት ውኃ እያርከፈከፉ መውቀጥ ይሻላል።

ሦስተኛ፥ እንዶድ ያለበት ውኃ ወደ ወንዝ አይፈስስ። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1964 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ አጠገብ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው መገኘታቸውን ተመልክተው፥ እንዶድ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል ገልጠዋል። ነገር ግን ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ዓሣውንም ይገድላል። ስለዚህ እጥበቱ በሳፋ ይሁን፤ ውኃውም ከወንዝ ርቆ በመሬት ላይ ይፍሰስ።

ቅባቱ ሁሉ ጨርሶ እንዲወጣ አያስፈልግም። ጥቂት የቀረበት ጠጕር በጣት መካከል በቀላሉ ይንሸራተታል፥ ፈትሉም የተሻለ ይያያዛል። ጨርሶ ደርቆ የሚሰባበር የሆነ እንደ ሆነ በጣት ጫፍ ጥቂት ለስላሳ ቅቤ መቀባት ይቻላል። የተልባ ዘይት ግን አይነካው፤ ሲደርቅ ይጋገራል፥ በተከመረ ጠጕር ውስጥም ራሱ ግሎ እሳት እስከ ማስነሣት ይደርሳል።

6ኛ፤ ስለ ማድረቅና ስለ ማስቀመጥ

የታጠበው ጠጕር አይጠመዘዝ። በቅርጫት ተደርጎ ውኃው ከተንጠፈጠፈ በኋላ ነፋስ ከላይና ከታች እንዲያገኘው በጠፍር አልጋ ላይ ሳስቶ ይዘርጋ። በጥላ ወይም በለዘብታ ፀሐይ ይድረቅ፤ ከእሳት አጠገብ ግን አይሁን። ጢስ ነጩን ያጠቍረዋል፥ ብርቱ ሙቀትም ያደርቀዋል። በየጊዜውም እየተገለበጠ በጣት ይላላ።

ፈጽሞ ሳይደርቅ በከረጢት መክተት አይገባም። ከደረቀ በኋላ ከምድር ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ይቀመጥ። የጠጕር ጠላት ብል ነው፤ ብልም የሚወድደው ጨለማ፥ ዝምታና እድፍ ነው። ንጹሕ ሆኖ የተቀመጠ፥ በየወሩም ወጥቶ በፀሐይ የሚራገፍ ጠጕር በብል ብዙ አይጠቃም።

7ኛ፤ ስለ ማባዘት፥ ስለ መንደፍና ስለ አመልማሎ

የደረቀው ጠጕር በመጀመሪያ በጣት ይባዘታል፤ ይኸውም እያንዳንዱ ቍጥር እየተሳበ እንደ ደመና እስኪሳሳ ድረስ ነው። በእጥበት ጊዜ ያመለጠው ገለባና ጭጎጎት በዚህ ጊዜ ይወድቃል ወይም ይለቀማል። ማባዘት ሕፃናትና ሽማግሎችም ሊረዱበት የሚችሉት ሥራ ነው፤ በክረምት ምሽት ቤተ ሰብ ተቀምጦ ይሠራዋል።

ከዚያ ወዲያ ይነደፋል። ለጥጥ የሚያገለግለው ደጋን ለጠጕርም ያገለግላል፤ የጅማቱ ንዝረት ጠጕሩን ያለያየዋል፥ የቀረውንም ትቢያ ያወጣዋል። ነገር ግን ጠጕር ከጥጥ ይልቅ ረጅም ስለ ሆነ በጅማቱ ላይ እንዳይጠመጠም ጥቂት ጥቂት ብቻ ማቅረብ ይገባል። የሽቦ ጥርስ ያላቸው ሁለት የእጅ ማበጠሪያዎች በተገኙበት ስፍራ ሥራው ይቀላል፤ ጠጕሩ በአንደኛው ላይ ይደረግና በሁለተኛው እየተሳበ ዘለላው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ይተኛል።

በመጨረሻም የተነደፈው ጠጕር ላላ ተደርጎ እየተጠቀለለ አመልማሎ ይሆናል። መልካም አመልማሎ ዳር እስከ ዳር ውፍረቱ እኩል የሆነ፥ ወደ ብርሃን ቢያዙት እንቡጥ የማይታይበት፥ ጫፉንም ሲስቡት ሳይቈረጥ እየሳሳ የሚመጣ ነው። እንደዚህ ያለ አመልማሎ የያዘች ሴት ፈትልዋ ይቀጥናል፥ አይበጠስም፥ ልቃቂቷም ቶሎ ይሞላል። ያልተሰናዳ ጠጕር የተሰጣት ግን በየክንዱ እየቀጠለች ትውላለች፤ ማታ የሚታየው ፈትል ትንሽ ስለ ሆነ ሰነፍ ትባላለች።

8ኛ፤ ስለ ሚዛንና ስለ ሹማምንት ተግባር

እስከዚህ የተነገረው ሁሉ በገበያ ሚዛን ምክንያት ከንቱ ሊሆን ይችላል። ያልታጠበ ጠጕር በክብደት ሲሸጥ የሚመዘነው ጠጕሩ ብቻ አይደለም፤ አፈሩም፥ ቅባቱም፥ እበቱም፥ ውኃውም አብሮ ይመዘናል። በመጽሐፈ መሳፍንት የተነገረው የጌዴዎን ፀምር ሌሊቱን ጠል ጠጥቶ ሲጨመቅ ቆሬ ሙሉ ውኃ እንደ ወጣው የታወቀ ነው። ጠጕር ከክብደቱ ሲሶ የሚያህል ርጥበት ተሸክሞ በእጅ ሲነካ ደረቅ መስሎ ይታያል፤ ስለዚህ በማለዳ የተመዘነውና በቀትር የተመዘነው አንድ አይደለም።

ለምሳሌ ያህል ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው 10 ኪሎ ጠጕር ወደ ገበያ አመጡ እንበል። አንደኛው በጎቹን በንጹሕ በረት ያሳደረ፥ ጠጕሩንም ያራገፈ ነው፤ ሲታጠብ 7 ኪሎ ይተርፋል። ሁለተኛው ከነጭቃው ያመጣ ነው፤ ሲታጠብ 4 ኪሎ ብቻ ይተርፋል። ሁለቱም በአንድ ዋጋ ከተከፈላቸው ንጹሑ ባለበግ በሚመጣው ዓመት ለምን ይደክማል? ጕዳቱም በመጨረሻ የሚወድቀው ጠጕሩን በኪሎ ገዝታ፥ ሦስት ኪሎ አፈር በትርፍ በከፈለችው ፈታይ ላይ ነው። ከእርስዋ በታች የምትጥልበት ሌላ ሰው የላትም።

ስለዚህ የአገር ገዦች፥ የወረዳ ሹማምንትና ባለመሬቶች የሚከተለውን ቢፈጽሙ ጥቅሙ ቶሎ ይታያል።

በየገበያው የታጠበና የደረቀ ጠጕር በተለየ ስፍራና በተለየ ዋጋ እንዲሸጥ ይደረግ። ያልታጠበውም ቢሆን ከመመዘኑ በፊት ተዘርግቶና ተራግፎ ይታይ። ከትልቅ ጭነት ላይ አንድ ኪሎ ተወስዶ ታጥቦና ደርቆ ቢመዘን የጠቅላላው ንጽሕና ይታወቃል፤ ክርክርም ይቀራል።

በየቀበሌው ከምንጭ በታች፥ ከወንዝ ግን ራቅ ባለ ስፍራ ገንዳና ምድጃ ያለው የጠጕር ማጠቢያ ቦታ ቢሰናዳ ወጪው አነስተኛ ነው፤ ማገዶውንም በጋራ መቈጠብ ይቻላል።

ብዙ በግ ያለው ባለመሬት ተጋግዘው የሚጠቀሙባቸውን ጥቂት የመሸለቻ መቀሶችና የእጅ ማበጠሪያዎች ገዝቶ ለአካባቢው ቢያውስ ከሁሉ በፊት የሚጠቀመው እርሱ ራሱ ነው።

የሞተ በግ እንዳይገፈፍና ጠጕሩም እንዳይነጭ በገበያና በቤተ ክርስቲያን ደጅ፥ በመስጊድም ደጅ በተደጋጋሚ ይነገር። ሕግ ብቻ ግን አይበቃም፤ ድኻ ሰው በጉ ሲሞትበት ጠጕሩንም ማጣት ሁለተኛ ሐዘን ይሆንበታልና ምክንያቱ እንዲገባው ተደርጎ በትዕግሥት ይነገረው።

በመንዝ ሌሊቱ ብርቱ ነው፤ በዚያ ብርድ ውስጥ ሰውን የሚያሳድረው ባና ነው። ባናው መልካም ወይም መጥፎ መሆኑ የሚቈረጠው በሸማኔው መወርወሪያ ሳይሆን ጠጕሩ በተሸለተበት ሰሌን፥ በታጠበበት ሳፋና በተመዘነበት ሚዛን ላይ ነው። ሰሌኑና ሳፋው በባለቤቱ እጅ ናቸው፤ ሚዛኑ ግን በሹሙ እጅ ስለ ሆነ ማቃናቱም የሚጠበቀው ከእርሱ ነው።